ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው እንግዳ ትንኝ፦ አንድ ዝርያ በዲኤንኤ ባርኮድ እንዴት ታወቀ?

ቀብሪደሃር በሶማሌ ክልል፣ ቆራሄ ዞን ውስጥ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ዝናብ የሚጎበኛት አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ነዋሪው ውሃ ባገኘ ጊዜ ያጠራቅማል፤ በሮቶ፣ በበርሜል፣ በጀሪካን፣ ተቆፍሮ በሲሚንቶ በተለሰነ ቢርካ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ተመራማሪዎች በዚህች ከተማ የወባ ትንኞችን ሰበሰቡ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከሰበሰቧቸው መካከል ኢትዮጵያ ውስጥ ተመዝግባ የማታውቅ ዝርያ ተገኘች። ስሟ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ነው። አገሯ ሌላ ነው፤ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኢራን አካባቢ ከተሜውን በወባ የምታሰቃይ ትንኝ ናት።

ግኝቱ በ2018 በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ። ከጥናቱ አቅራቢዎች መካከል የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲው ሰለሞን ያሬድና አሜሪካዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ታማር ካርተር ይገኙበታል። ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ትንኝ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተወርቷል። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ መነሻው ነው። ከተሰበሰቡት ትንኞች መካከል እንግዳ ዝርያ መኖሯ እንዴት ታወቀ? የኢትዮጵያን ዲኤንኤ ባርኮድ ታሪክ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም።

መጀመሪያ ትንኝ በተለመደው መንገድ እንዴት እንደምትለይ እንይ። የወባ ትንኝ ባለሙያ ሥራ ዓይን የሚፈጅ ሥራ ነው። ትንኟን በመርፌ ጫፍ ላይ ያስቀምጥና በማጉያ መሣሪያ ሥር ያያታል። ክንፏ ላይ ጥቁርና ነጣ ያሉ ነጥቦች አሉ፤ ቦታቸውን ይቆጥራል። ከመውጊያዋ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ዳሳሾች አሉ፤ በእነሱ ላይ ስንት ነጭ ቀለበት እንዳለ፣ የቱ ሰፊ የቱ ጠባብ እንደሆነ ያያል። እግሯ ዝንጉርጉር ነው ወይስ አይደለም? ይህን ሁሉ የሚያየው መለያ መመሪያ ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ነው። መመሪያው ይጠይቃል፣ ባለሙያው ይመልሳል። «እግሯ ዝንጉርጉር ከሆነ ወደ ቁጥር 7 ሂድ፤ ካልሆነ ወደ ቁጥር 12።» እንዲህ እየተባለ መጨረሻ ላይ አንድ ስም ይገኛል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መመሪያው ሁልጊዜ አንድ ስም ይሰጣል። ትክክለኛው ስም ውስጡ ባይኖርም ይሰጣል። መልሱ የሌለበት የምርጫ ጥያቄ እንደቀረበለት ተማሪ፣ ባለሙያው ለእውነቱ የሚቀርበውን ያከብባል። በአፍሪካ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የ1987ቱ መመሪያ ውስጥ ስቴፈንሳይ የለችም። ለምን ትኑር? አህጉሩ ላይ አልነበረችም። በመመሪያው ላይ የገባችው በ2020 መመሪያው ሲታደስ ነው።

ደግሞ ከማን ጋር ትመሳሰላለች ቢባል፣ ከእኛዋ ዋና የወባ አስተላላፊ ከአኖፊለስ አራቢየንሲስ ጋር። ሁለቱም እግራቸው ዝንጉርጉር ነው። ሁለቱም ዳሳሻቸው ላይ ሦስት ነጭ ቀለበት አላቸው። ልዩነቱ ረቂቅ ነው፤ የስቴፈንሳይ ከጫፍ ያሉት ሁለት ቀለበቶች ሰፋ ይላሉ፣ ዳሳሿም ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ይህን የሚያይ ሰው ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በወጥመድ ውስጥ ቅርፊቷ የረገፈ፣ አንድ እግሯ የተቆረጠ ትንኝ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ሁሉ ግምት ይሆናል።

የዘረመል ምርመራው ዋጋ እዚህ ጋ ይገባል። የዲኤንኤ ባርኮድ ሐሳብ የመጣው ከካናዳ ነው። በጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ፖል ሄበርት በ2003 ባወጡት ጽሑፍ እንስሳትን ሁሉ በአንዲት አጭር የዘረመል ቁራጭ መለየት ይቻላል አሉ። ቁራጯ የምትገኘው በሕዋስ ውስጥ ኃይል በሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ነው። ሙሉ ስሟ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ሲኦአይ ትባላለች። ለባርኮድ የሚነበበው ወደ 658 ፊደል ነው፤ ፊደሎቹም አራት ብቻ ናቸው፦ ኤ፣ ቲ፣ ሲ፣ ጂ። ለምን እሷ ተመረጠች? አንደኛ፣ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ ብዙ ስለሆነ ቅጂዋም ብዙ ነው፤ ከደቃቃ ናሙና እንኳ ትገኛለች። ሁለተኛ፣ ለውጧ ልከኛ ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ ፊደሎቿ ብዙም አይለያዩም፤ ከዝርያ ወደ ዝርያ ግን ልዩነቱ ጎላ ይላል።

በተግባር የሚሠራው እንዲህ ነው። ከትንኟ አንድ እግር ይወሰዳል። አንድ እግር ይበቃል፤ የቀረው አካሏ ለማስረጃ ይቀመጣል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ትልቅ ነው። ነገ ሌላ ሰው «እስኪ ትንኟን አሳዩኝ» ቢል የምትታይ ትንኝ አለች ማለት ነው። እግሩ በትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይደቆሳል፤ ሕዋሱን የሚያፈርስ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ዲኤንኤው ይወጣል። በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ጠብታ ንጹህ ፈሳሽ ነው።

ከዚያ ፒሲአር። በኮቪድ ዘመን ስሙን ያልሰማ የለም። ማሽኑ ፈሳሹን ወደ 95 ዲግሪ አካባቢ ያሞቃል፤ ድርብ የሆነው የዲኤንኤ ገመድ ይላቀቃል። ያበርደዋል፤ የሚፈለገውን ቁራጭ ጫፍና ጫፍ የሚይዙ አጫጭር ዲኤንኤዎች ቦታቸውን ያገኛሉ። እንደገና ወደ 72 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፤ ኢንዛይሙ ቅጂ ይሠራል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ይቀጥላል። 35 ዙር ከዞረ፣ ሁሉም ነገር ከሰመረ፣ ከአንዲት ቁራጭ ከ30 ቢሊዮን በላይ ቅጂ ይገኛል። ቅጂው በጄል ላይ በኤሌክትሪክ እንዲሮጥ ይደረግና አንድ ደማቅ መስመር ከታየ፣ እፎይ ይባላል። መስመር ካልታየ ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር ነው።

መጨረሻው ንባብ ነው። የማንበቢያው ማሽን ውጤቱን የሚያሳየው በአራት ቀለም በተሳሉ ተራሮች ነው፤ እያንዳንዱ ተራራ አንድ ፊደል። ተራሮቹ ጥርት ብለው ከቆሙ ንባቡ ጥሩ ነው። እርስ በርሳቸው ከተደራረቡ ናሙናው ተበክሏል፣ ወይም የሌላ ነገር ዲኤንኤ ገብቶበታል ብሎ መጠርጠር ያስፈልጋል። ጥሩ ሆኖ የወጣው ንባብ ጂንባንክ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ይላካል። ቋቱ ውስጥ ሰዎች ከየአገሩ ያስገቡት ንባብ አለ። ኮምፒውተሩ ያነጻጽርና የሚቀርበውን ያወጣል።

የቀብሪደሃር ናሙናዎች በሁለት ቁራጭ ተነበቡ። አንዷ ሲኦአይ ናት። ሌላዋ አይቲኤስ2 የምትባል፣ ከሕዋሱ ኒውክለስ የምትወሰድ ቁራጭ ናት። ሁለቱም አንድ ስም ጠሩ፤ ስቴፈንሳይ። የአካል መልኳም ታየ፤ ተስማማ። የዘረመል ዝምድናዋ ሲሠራ ደግሞ በጣም የቀረበችው ከፓኪስታን ናሙናዎች ጋር ሆነች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ጥሩ ነው። «ከፓኪስታን መጣች» ብሎ ለማውራት ያጓጓል፤ አንዳንዱም እንዲያ ብሎ አውርቷል። ንባቡ ግን ያንን አይልም። ንባቡ የሚለው፣ ቋቱ ውስጥ ካሉት መካከል የምትቀርበው ለዚህኛው ነው ነው። ቋቱ ውስጥ የሚገኘው ደግሞ ሰው ያስገባው ብቻ ነው። ከአንድ አገር ብዙ ናሙና ገብቶ ከሌላው ምንም ካልገባ፣ ዝምድናው ወደተጻፈበት አገር ማዘንበሉ አይቀርም። ዝርያዋን መለየት አንድ ጥያቄ ነው፤ መንገዷን ማወቅ ሌላ ጥያቄ ነው። ለሁለተኛው አንዲት 658 ፊደል ያላት ቁራጭ ብዙም አትበቃም። ከብዙ ከተሞች ብዙ ናሙና፣ ከዘረመሏም ሰፋ ያለ ክፍል ማንበብ ይጠይቃል። ደቡብ እስያ ሥሯ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። በመርከብ ነው? በከብት ንግድ ነው? በነፋስ ነው? ሁሉም የየራሱ ጠበቃ አለው።

ጅቡቲን ሳናነሳ ማለፍ አይቻልም። በአፍሪካ ቀንድ ስቴፈንሳይ መጀመሪያ የታየችው እዚያ ነው፤ በ2012። በዚያ ዓመት ጅቡቲ ውስጥ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር። አገሪቱ ወባን ከናካቴው ልታጠፋ ጥቂት ቀርቷት ነበር ማለት ነው። በ2020 ቁጥሩ 73,535 ደረሰ። ሃያ ሰባት፣ ከዚያ ሰባ ሦስት ሺህ! ሁሉንም በዚህች ትንኝ ላይ መለጠፍ አይቻል ይሆናል፤ ወባ የሚነሳበት ምክንያት ብዙ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ስቴፈንሳይ ባስጠነቀቀ ቁጥር ይህን የጅቡቲ ቁጥር ያነሳል። እኛ ደግሞ አብዛኛው የወጪና ገቢ ንግዳችን በጅቡቲ ወደብ ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ ቀብሪደሃር ላይ ስሟ ሲታወቅ ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነበር። እዚህ ብቻ ናት ወይ? በ2018 መሸሻ ባልከው የተባሉት አንጋፋ የትንኝ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ አሥር ከተሞችን አሰሱ። የከተሞቹን ስም ስሙ፦ ሰመራ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ባቲ፣ ድሬዳዋ፣ ኤረር ጎታ፣ ጅግጅጋ፣ ደገሃቡር፣ ቀብሪደሃር፣ ጎዴ። ካርታ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ያየዋል። ከፊሎቹ በጅቡቲ አስፋልት ላይ የተደረደሩ ናቸው። ሹፌሮች ምሳ የሚበሉባቸው፣ የሚያድሩባቸው ከተሞች ናቸው።

አሰሳው 2,231 በመልካቸው ስቴፈንሳይ የተባሉ ናሙናዎች ሰበሰበ። ትንኟ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ተንሰራፍታለች። በ2016 በአንድ ከተማ የታየች እንግዳ፣ ሲፈልጓት በብዙ ከተማ ተገኘች። ያኔ ነው የሚያስደነግጠው። ምናልባት ከዚያ በፊትም ነበረች፤ የሚፈልጋት አልነበረም እንጂ።

ይህ ሁለተኛው ጥናት አንድ ሌላ ቁጥር አለው። እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። በዓይን ስቴፈንሳይ ናቸው ከተባሉት መካከል 124 ተመርጠው በዘረመል ተመረመሩ። 119ኙ ስቴፈንሳይ ሆነው ተረጋገጡ። በመቶኛ 96 ገደማ ነው። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? አንዴ ስሟ ከታወቀ፣ ምልክቷም ከተነገረ፣ የባለሙያው ዓይን በአብዛኛው ይበቃል ማለት ነው። ባርኮዱ ዓይንን አስተማረ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በየወረዳው ያለ ባለሙያ ሊጠቀምበት የሚችል እውቀት ሆነ። ለእያንዳንዷ ትንኝ የዘረመል ንባብ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። ከመቶ ጥቂቱን መርጦ ማረጋገጥ፣ ቀሪውን በማጉያ ማየት ነው የሚያዋጣው። አምስቱ ያልተረጋገጡትም መረሳት የለባቸውም። ዓይን ብቻውን ቢተው ስህተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

በአገራችን የትንኝ ባለሙያ የሚሆን ሰው እያነሰ ነው ብለው የሚያማርሩ መምህራን አሉ። ልጆቹ ቤተ ሙከራ ውስጥ ፒሲአር መሥራት እንጂ ማጉያ ሥር ጎንበስ ማለት አይፈልጉም ይላሉ። እኔ ሁለቱን ባጣላቸው አልወድም። የቀብሪደሃሩ ጉዳይ ያለ ዘረመል ቢሆን «አራቢየንሲስ» ተብሎ መዝገብ ውስጥ ሊቀር ይችል ነበር። ያለ ባለሙያ ዓይን ቢሆን ደግሞ የአሥሩ ከተማ አሰሳ በጀቱን ጨርሶ ሦስተኛው ከተማ ላይ ይቆም ነበር።

ስሟ መታወቁ ምን ጠቀመ? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ትንኝ ናት፣ ትነድፋለች፣ አጎበር ስጡን አለቀ። ግን አያልቅም። የእኛዋ አራቢየንሲስ እንቁላሏን የምትጥለው ዝናብ በጠራቀመው ውሃ ላይ ነው። ክረምት ሲወጣ ሜዳ ላይ የሚቀር ኩሬ፣ የከብት ኮቴ የፈጠረው ጉድጓድ፣ የመስኖ ዳር። ስለዚህ ወባ ወቅት አለው። መስከረም ይጀምራል፣ ታኅሣሥ አካባቢ ይቀንሳል። የጤና ሥርዓታችን የተቀመጠው በዚህ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ርጭቱም፣ የመድኃኒት ክምችቱም። ስቴፈንሳይ ግን ሰው ባስቀመጠው ውሃ ትራባለች። ሮቶ፣ በርሜል፣ ቢርካ፣ ግንባታ ቦታ ላይ ሲሚንቶ ለማጠጣት የተቆፈረ ጉድጓድ። እነዚህ በጋም ክረምትም ውሃ አላቸው። እንዲያውም በበጋ ውሃ ሲጠፋ ሰው የበለጠ ያጠራቅማል። ወባ የገጠርና የክረምት በሽታ ነው የሚለው የድሮ እምነት በአንድ ትንኝ ይናጋል።

በዚህ ላይ የኢትዮጵያዋ ስቴፈንሳይ ለርጭትና ለአጎበር የሚውሉትን ብዙ ኬሚካሎች የምትቋቋም ሆና ተገኝታለች። ዝርያው ሳይታወቅ የሚረጭ ኬሚካል ደግሞ ገንዘብ ማፍሰስ ሊሆን ይችላል።

ወባ ታስተላልፋለች ወይ የሚለውም በግምት አልታለፈም። በአዲስ አበባ የሚገኘው አርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአዋሽ ሰባት ኪሎ አካባቢ በሰበሰቧቸው ትንኞች ላይ ሙከራ አደረጉ። ከወባ ሕመምተኞች የተወሰደ ደም በልዩ ሽፋን በኩል መገቧት። የወባ ተውሳኩ በውስጧ አደገ፤ በአገራችን ዋናዎቹ ሁለቱም ዓይነቶች፣ ቫይቫክስም ፋልሲፓረምም። ውጤቱ በ2021 ታተመ። ከዚያ በኋላ «ምናልባት እዚህ አገር አታስተላልፍ ይሆናል» የሚለው ማጽናኛ ብዙም አላስኬደም።

ድሬዳዋ በ2022 ማረጋገጫውን ሰጠች። በ2019 በከተማዋ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት አምስት ወራት ብቻ 2,425 ሆነ። ልብ በሉ፣ የተነሳው በደረቁ ወቅት ነው፤ ማንም ወባ በማይጠብቅበት ጊዜ። በዩኒቨርሲቲ ዶርም የሚኖሩ ተማሪዎች ሳይቀሩ ታመሙ። ፍጹም ታደሰ የመሩት የአርማወር ሀንሰን ቡድን ወደ ስፍራው ሄዶ ከ101 ሕመምተኞችና ከ189 ማነጻጸሪያ ሰዎች ተነስቶ ሠራ። በየቤቱ አካባቢ ያለው ውሃ ታየ፣ ትንኞች ተያዙ። ከጎልማሳ ትንኞቹ 97 በመቶዎቹ ስቴፈንሳይ ነበሩ። የወባ ተውሳክም ተገኘባቸው። በሽታው የተከማቸውም ትንኟ በተገኘችባቸው ቤቶች ዙሪያ ነበር። በአፍሪካ ከተማ ውስጥ ይህች ትንኝ ወረርሽኝ እንደምታስነሳ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ እስከዚያ ድረስ አልቀረበም ነበር።

እንግዲህ የጊዜውን ሰሌዳ አስተያዩት። ናሙናው የተያዘው በ2016፣ ስሙ የታተመው በ2018፣ ወረርሽኙ የመጣው በ2022። በመካከሉ ያለው ጊዜ አጭር አይደለም። ባርኮዱ ሥራውን ሠርቷል። በሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም ከስም ወደ ሥራ በሚደረገው መንገድ ላይ ነው ጉዳዩ የሚጎተተው። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ ናሙና ተነቦ እስኪመጣ ባሕር ማዶ መሄዱ የተለመደ ነበር። ፈቃድ፣ በረዶ፣ አውሮፕላን፣ ተራ መጠበቅ። ከኮቪድ ወዲህ የዘረመል ማንበቢያ ማሽኖች አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ያ የናሙና ስደት አሁን የግድ አይደለም። ማሽኑ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። ለማሽኑ የሚገባው ኬሚካል በውጭ ምንዛሬ ነው የሚገዛው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ መጓዝም አለበት። ይህን በየቤተ ሙከራው ያለ ሰው በደንብ ያውቀዋል።

የመሣሪያውን ድክመትም መሸፋፈን አያስፈልግም። ሲኦአይ ለሁሉ መድኃኒት አይደለችም። ለምሳሌ አራቢየንሲስንና የቅርብ ዘመዷን ጋምቢዬን ሁልጊዜ አትለይም፤ ሁለቱ አንዳንዴ ስለሚዳቀሉ የማይቶኮንድሪያ ዘረመላቸው ተቀላቅሏል። ስለዚህ ለእነሱ ከኒውክለስ የሚወሰድ ሌላ ምርመራ አለ። የቀብሪደሃሩ ቡድን አይቲኤስ2ን መጨመሩ ልክ የሆነውም ለዚህ ነው። ሁለት ምስክር ከአንድ ይሻላል። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ቋቱ ውስጥ ስህተት የሆነ ስም ያለው ንባብ ሊኖር ይችላል። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ትንኝ በተሳሳተ ስም አስገብቶ ከሆነ፣ እናንተም ዛሬ ያንኑ ስህተት ትወርሳላችሁ። የትንኟ አካል ለማስረጃ ይቀመጥ የሚባለው ለዚህ ቀን ነው።

ሥራው የት ደረሰ ላላችሁ፣ ትንኟም መንገዷን ቀጥላለች። ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ኬንያ ላይ ተገኝታለች። የኬንያው ግኝት ከእኛ ድንበር ብዙ ባልራቀው የማርሳቢት አካባቢ ነው። በየአገሩ ያለው ታሪክ ተመሳሳይ ነው፤ በወጥመድ የተያዘ ነገር፣ ጥርጣሬ፣ ከዚያ ዘረመል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ስርጭቷን ለመግታት ልዩ እንቅስቃሴ ጀምሯል። የቁጥጥሩ ምክር በአብዛኛው ውሃ ላይ ያተኩራል፤ ሮቶን መክደን፣ በርሜልን አጥቦ መገልበጥ፣ ሊገለበጥ በማይችለው ውሃ ውስጥ የትንኟን እጭ (ከእንቁላል የወጣውን፣ ገና ያልበረረውን) የሚገድል ነገር መጨመር። በ2018ቱ አሰሳ በብዙዎቹ የስቴፈንሳይ መራቢያዎች ውስጥ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው የሌላዋ ትንኝ እጭም አብሮ ተገኝቷል። ድሬዳዋ ደንጊን ከ2013 ጀምሮ፣ በዚያችው ትንኝ የሚተላለፈውን ቺኩንጉንያን ደግሞ በ2019 ቀምሳዋለች። አንድ ክዳን ለሦስት በሽታ ይሆናል፤ በወባና በደንጊ ላይ የሚሠሩ ሰዎች በተለያየ ክፍል መቀመጣቸው ግን እስካሁን ያስገርመኛል።

ለትንኝ ጥናቱ ሰዎች አሁን ያለው አዲስ ነገር ትንኟን ጭራሽ አለመፈለግ ነው። ከሮቶው ትንሽ ውሃ ተቀድቶ በማጥለያ ያልፋል፤ እጮቹ ውሃው ውስጥ ያራገፉት ዲኤንኤ ማጥለያው ላይ ይቀራል፤ ያ ይነበባል። በዚህ መንገድ ስቴፈንሳይንና የደንጊ ትንኝን ከአንድ ውሃ ለመለየት ሙከራዎች ተጀምረዋል። ከተሳካ በየሰፈሩ መቶ ትንኝ ከማሳደድ ይልቅ መቶ ጠርሙስ ውሃ መቅዳት ይበቃል። ጎንደርም ሆነ ሐዋሳ፣ ጅማም ሆነ መተማ ላይ ቶሎ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ውሃ የሚቀዳው ማንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መሆን ይችላል፤ የሚነበበው ግን ቋቱ ውስጥ ከተለያዩ የኢትዮጵያ ከተሞች በትክክለኛ ስም የገባ ንባብ ሲኖር ነው። ስለዚህ የቀብሪደሃሯ እግር ያስጀመረችው የማሰባሰብ ሥራ፣ ከምዕራቡና ከደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ናሙና እየጨመረ መቀጠል ይኖርበታል።